አይጥ ቤት ስትገባ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ ሳሙና ይጠፋ ነበር። ጠዋት የተከፈተ ሳሙና በማግስቱ ግማሹ የለም። እናቴ መጀመሪያ ልብስ የምታጥብልንን ሴት ጠረጠረች። ቀጥላ እኔን። በሦስተኛው ሳምንት ቁም ሳጥኑ ሲነሳ ከኋላው የጥርስ ምልክት የሞላበት ሳሙና፣ የተበጣጠሰ ካልሲና ዓይናቸው ያልተከፈተ ስድስት የአይጥ ልጆች ተገኙ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። እናቴ ልብስ አጣቢዋን ይቅርታ ጠየቀች። እኔን ግን እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ወዲህ በጭቃ ቤትም በኮንዶሚኒየምም ኖሬያለሁ። አይጥ ሁለቱንም አትንቅም። ጎረቤትና ዘመድ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ቤቴ ውስጥ አይጥ መኖሯን በምን አውቃለሁ?

ብዙ ጊዜ ከዓይን በፊት ጆሮ ነው የሚያውቀው። መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ጭር ሲል ኮርኒሱ ላይ ሩጫ ትሰማላችሁ። የኮርኒስ ጨርቅ ወይም ስስ ኮምፔርሳቶ ድምፅ ስለሚያጎላ አንዷ አይጥ አሥር ትመስላለች።

ቀጥሎ ጥርሷን ፈልጉ። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን አያቆምም። እሷም መጋጧን አታቆምም። የሚበላውን ብቻ መስሏችሁ እንዳትዘናጉ። እንጨት፣ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ሻማ፣ ጫማ፣ መጽሐፍ፣ ሁሉንም ትሞክራለች። እኔን የሚያስፈራኝ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ፕላስቲኩ ተግጦ መዳቡ ከታየ ገመዶቹ ተነካክተው እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ። ፍሪጁና የእንጀራ ምጣዱ የሚሰኩበትን ገመድ በወር አንዴ ከኋላው ጎንበስ ብላችሁ እዩት። የተጋጠ ካገኛችሁ በስኮች አትሸፍኑት። ቆጣሪውን አጥፉና አስቀይሩት።

አይጥ መንገድ አትቀያይርም። ሁልጊዜ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው። ብዙ የተመላለሰችበት ግድግዳ ከታች በኩል በሰውነቷ ቅባት ይጠቁራል፤ እጅ የነካካው የበር ጠርዝ ይመስላል። የሽንቷም ሽታ አለ፤ የተዘጋ መሳቢያ ወይም ቁም ሳጥን ስትከፍቱ አፍንጫ የሚወጋው እሱ ነው።

እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ከግድግዳው ስር ስስ አድርጋችሁ ዱቄት በትኑ። ጠዋት የእግሯንና የጅራቷን ፈለግ ታያላችሁ። ከየት ወጥታ የት እንደምትገባም ይነግራችኋል። ነፃ ካሜራ በሉት።

ያገኘሁት ኩስ የአይጥ ነው ወይስ የሌላ?

የትንሿ አይጥ ኩስ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው። የሩዝ ፍሬ ያህላል፤ ጫፉ ሾል ይላል። በቀን ከ50 በላይ ስለምትጥል ካለች ታገኙታላችሁ። የአይጠ መጎጥ ኩስ ከ12 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የበረሮ ኩስ ግን ከተፈጨ ቡና አይለይም። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር ያላችሁ ደግሞ የእንሽላሊት ኩስ ያሳስታችኋል፤ እሱ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አለው። ትኩስ የአይጥ ኩስ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው። የቆየው ግራጫ ሆኖ ሲነካ ይፈረፈራል። የቆየ ብቻ ካገኛችሁ ምናልባት እንግዳዋ ሄዳለች።

አይጥና አይጠ መጎጥ ልዩነታቸው መጠን ብቻ አይደለም እንዴ?

አይደለም፤ ጠባያቸውም ይለያያል። ትንሿ አይጥ ክብደቷ ከ30 ግራም አይበልጥም። ደፋርና ጉጉ ናት። አዲስ ነገር ስታይ ቀርባ ትነካካለች። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ሌሊት ወጥመድ ውስጥ የምትገባው።

አይጠ መጎጥ ደግሞ ተጠራጣሪ ነው። ትናንት ያልነበረ ዕቃ ዛሬ መንገዱ ላይ ካየ ለቀናት ዞሮ ያልፈዋል። አይጠ መጎጥ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀጠን ያለ፣ ጆሮው ትልቅ፣ ጅራቱ ከሰውነቱ የሚረዝም ነው። ይሄ ጣሪያና ኮርኒስ ይወዳል፤ ገመድ ላይ እንኳን ይሄዳል። ሌላው ወፍራም፣ ጆሮው አጭር፣ ጅራቱም አጠር ያለ ነው። እሱ መሬት ይቆፍራል፤ ፍሳሽ ውስጥ ይኖራል፤ ዋናም ይችላል። ስለዚህ ድምፁን ከላይ ከሰማችሁ ጣሪያውን፣ ጉድጓድ ካያችሁ ግቢውንና ማንሆሉን ፈትሹ።

አንድ ብቻ ነው ያየሁት። ይህን ያህል መጨነቅ አለብኝ?

አዎ። አይጥ ጨለማ ወዳድ ናት፤ ሰው ፊት የምትወጣው ተሳስታ ወይም ተርባ ነው። በጠራራ ፀሐይ የምትንሸራሸር ካያችሁማ ብዙ ጊዜ ውስጥ ቦታ ጠቧቸዋል ማለት ነው። ትንሿ አይጥ በ20 ቀን አካባቢ ትወልዳለች። በአንዴ አምስት ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ናቸው። ልጆቿ በስድስት ሳምንት ገደማ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። «ለፋሲካ እናያታለን» ያለ ሰው ለዳግማይ ትንሣኤ ልጆቿን ሊያገኝ ይችላል።

ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። በየት በኩል ነው የሚገቡት?

በቧንቧው በኩል። የኩሽና ማጠቢያችሁን በር ከፍታችሁ የፍሳሹ ቱቦ ግድግዳ ውስጥ የሚገባበትን እዩ። አብዛኛው ቤት ዙሪያው በወጉ አልተደፈነም። ሠራተኛው ግድግዳውን በመዶሻ ሰብሮ ቱቦውን አስገብቶ ትቶት ሄዷል። እኔ ቤት እጄ ይገባ ነበር። ከዚያ ቀዳዳ እስከ ምድር ቤት ድረስ መሰላል የተሠራላት ይመስል ትወጣለች። ስር ሥጋ ቤት ወይም ምግብ ቤት ካለ፣ የቆሻሻ መጣያ ክፍሉም የማይዘጋ ከሆነ፣ ሦስተኛ ፎቅም ምድርም ለእሷ አንድ ነው።

ትንሿ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃታል። ራስ ቅሏ ካለፈ ሰውነቷ ይከተላል። መለኪያው ቀላል ነው፦ በበሩ ስር እርሳስ ካለፈ አይጥ ታልፋለች። አይጠ መጎጥ የአውራ ጣት ያህል ቀዳዳ አያንሰውም። በሽንት ቤት መቀመጫ በኩል ይመጣል የሚባለውም ተረት አይደለም። የዋናተኛው ዓይነት በፍሳሽ ቱቦ ወጥቶ ሊመጣ ይችላል። ክዳኑን መዝጋት አይከብድም።

በቆርቆሮ ቤት ደግሞ ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ተመልከቱ። የቆርቆሮው ሞገድ እያንዳንዱ አንድ በር ነው።

ክረምት ላይ የሚብሱት ለምንድን ነው?

ጉድጓዳቸው ውሃ ይሞላል። እኛ ቤት ደረቅና ሞቃት ነው። ገጠር ላይ ደግሞ አዝመራ ሲሰበሰብ ማሳው ባዶ ስለሚቀር እህሉን ተከትለው ይመጣሉ። ከተማ ውስጥ ሌላም ምክንያት አለ፦ አጠገባችሁ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ነዋሪው ብቻ አይደለም የሚፈናቀለው።

ቀዳዳውን በምን ልድፈነው?

ከዚህ ጽሑፍ አንዱን ብቻ አንብቡ ብባል ይህን ነው የማስነብባችሁ። ሰው ወጥመድና መርዝ ላይ ገንዘቡን ይጨርስና ቀዳዳውን ይተወዋል። በሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ የሞተችውን ሌላዋ ትተካለች።

ጨርቅና ካርቶን አትወትፉ። ጎጆ መሥሪያ ሰጣችኋት ማለት ነው። የሚነፋው ፎምም ብቻውን አያቆማትም፤ በአንድ ሌሊት ትበሳዋለች። የሚሠራው ይሄ ነው፦ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ ክፍተቱ ውስጥ አስገቡ፣ በላዩ ሲሚንቶ ለስኑበት። አያቶቻችን ጭቃው ውስጥ የተሰባበረ ጠርሙስ ይቀላቅሉ ነበር፤ ሐሳቡ ያው ነው፣ ጥርሷን የሚያስመርር ነገር። ሰፊ ቀዳዳ ከሆነ፣ ወይም አየር ማስገባት ካለበት፣ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት በምስማር ምቱበት። የበሩን ስር ብየዳ ቤት ወስዳችሁ ላሜራ አስመቱት፤ የእንጨት በር ከሆነ ቆርቆሮ ይበቃዋል።

እኔ ቤት ይህን ለመጨረስ አንድ ቅዳሜና ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ በቅቶኛል። ከዚያ በፊት ለመርዝና ለወጥመድ ያወጣሁትን መቁጠር አልፈልግም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቤት ውስጥ ያሉትን ሳትይዙ ሁሉንም ቀዳዳ አትዝጉ። አፍናችኋቸው ግድግዳ ውስጥ ይሞታሉ። መጀመሪያ ወደ ውጭ የሚወስደውን ድፈኑ፣ ውስጥ ወጥመድ አጥምዱ፣ እንቅስቃሴ ሲጠፋ የቀረውን ዝጉ።

ጤፉንና ሽሮውን የት ላስቀምጠው?

ማዳበሪያ ለአይጥ መጋረጃ ነው። ጥግ ላይ ግድግዳ አስደግፋችሁ ያቆማችሁት ኩንታል ጤፍ ከጀርባው ተበስቶ ወራት ሊያልፍ ይችላል፤ እናንተ የምታዩት ፊቱን ብቻ ነው። ክዳኑ ግጥም የሚል የብረት በርሜል ይሻላል። ሽሮና በርበሬ በጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ ዕቃ ይሁኑ። ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ ለትንሿ ይበቃል፤ አይጠ መጎጥ ግን ካመረረ ይበሳዋል። በርሜል ከሌለ ማዳበሪያውን ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አድርጉና ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቁት። አይጥ ሜዳ ማቋረጥ አትወድም፤ እናንተም ዙሪያውን ማየትና መጥረግ ትችላላችሁ።

ገጠር ላላችሁ ደግሞ የጎተራው እግሮች ላይ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቆርቆሮ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ አልብሷቸው። መውጣት ያቅታታል። አጠገቡ የተደገፈ እንጨት ካለ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው።

ውሃውንም አትርሱ። ትንሿ አይጥ ከምግቧ በምታገኘው እርጥበት ልትሰነብት ትችላለች። አይጠ መጎጥ ግን በየቀኑ መጠጣት አለበት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም ቤት ክፍት ባልዲ አለ። ክደኑት።

ወጥመድ አጠመድኩ፣ ሳምንት ሙሉ ምንም አልያዘም። ምን አጠፋሁ?

የት አጠመዳችሁት? ክፍሉ መሃል ከሆነ መልሱ እሱ ነው። ወጥመዱ ግድግዳው ስር፣ ምግቡ ያለበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጥ። ከጎጆዋ ከጥቂት ሜትር በላይ ስለማትርቅ ኩሱ ያለበት ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ወጥመድ በሁለት ሜትር ልዩነት አስቀምጡ። አንድ ወጥመድ ለአንድ ቤት አይበቃም።

ምግቡ ትንሽ ይሁን። እፍኝ ሙሉ ዳቦ ካስቀመጣችሁ ከዳር ዳር በልታ ትሄዳለች። የኦቾሎኒ ቅቤ ከሽምብራ ፍሬ ያላነሰ ያልበለጠ፣ ወይም ቁራጭ ቋንጣ በክር ታስራችሁ። ስትስብ ይፈናጠራል። አይብ የምትወደው ፊልም ላይ ነው።

ለአይጠ መጎጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ወጥመዱን ሳታጠምዱ ምግብ አድርጋችሁ ሦስት አራት ቀን ተዉት። በልቶ ሲለምደው አጥምዱት።

ማጣበቂያ ካርቶኑስ?

ይይዛል። ግን አይገድልም። ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ ታድራለች፤ ጠዋት ከነነፍሷ ምን እንደምታደርጓት ግራ ይገባችኋል። አንዴ ተጠቅሜ ሁለተኛ አልደገምኩትም። የጎረቤት ድመት ልጅም ተጣብቆ በዘይት ስናላቅቀው ውለናል።

መንገድ ላይ በድምፅ ማጉያ የሚሸጠው መርዝ ይሠራል?

አንዳንዱ ይሠራል። ችግሩ ምን እንደገዛችሁ አለማወቃችሁ ነው። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ በፌስታል ቁራጭ ተቋጥሮ ይሰጣችኋል።

በብዛት ያሉት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፤ ብሮማዲዮሎን ወይም ብሮዲፋኩም የሚል ስም ማሸጊያው ላይ ታያላችሁ። አይጧ ከበላችው በኋላ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ትቆያለች። ቀስ ማለቱ ታስቦበት ነው። አይጠ መጎጥ አዲስ ምግብ ቀምሶ ወዲያው ካመመው ዳግም አይነካውም። ሁለተኛው ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ጠቆር ያለ ዱቄት ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሆድ ውስጥ ገብቶ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ማርከሻ የለውም።

«ውሃ ጠምቷት ውጭ ወጥታ ነው የምትሞተው» የሚሉት የሻጮች ወሬ ነው። የምትሞተው ጎጆዋ ውስጥ፣ ማለትም ኮርኒሳችሁ ላይ ወይም ከፍሪጁ ኋላ ነው። የተመረዘችዋን የበላ ድመትና ውሻም ሊሞት ይችላል።

የእኔ አቋም፦ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ መርዝ አይገባም። ግድ ካላችሁ ማሸጊያው ላይ ስሙ የተጻፈውን ከሕጋዊ ሱቅ ግዙ፤ በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ አድርጉት። እንጀራ ወይም ሥጋ ላይ ነስንሳችሁ ወለል ላይ አትተዉ። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡ። የተረፈውን ሽሮ ካለበት መደርደሪያ አጠገብ አታኑሩ፤ ይህን ደግሜ እላለሁ።

ልጅ መርዝ ቢበላስ?

ጊዜ አታጥፉ። ወዲያውኑ ሆስፒታል። አታስመልሱት፤ ወተት ማርከሻ ነው ብላችሁም አትጠብቁ። ማሸጊያውን ወይም የተረፈውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሐኪሙ ትልቁ መረጃ እሱ ነው። ልጁ ደህና መስሎ ሲጫወት አይታችሁ አትመለሱ። የደም ማቅጠኛው ዓይነት ምልክቱ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በቫይታሚን ኬ ይታከማል።

የነቀዝ ክኒን ለአይጥም ይሆናል ብለውኛል።

በፍጹም። ያ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ጋዙን ይለቃል፤ ጋዙ አይጥና ሰው አይለይም። የሰው መኝታ ክፍል ውስጥም ሆነ ከመኝታ ጋር በተያያዘ ጓዳ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። የመከረህ ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ግን አትስማው።

ድመት ባመጣ አይሻልም?

ለትንሿ አይጥ ጥሩ ናት፤ ታሳድዳለች፣ ታስፈራራለች። ጠና ያለ አይጠ መጎጥ ሲሆን ግን ብዙ ድመት አይቶ እንዳላየ ያልፋል። እንጀራ በወጥ የለመደች ድመትማ አይጧ በጎኗ ስታልፍ ፍንክች አትልም። እኛ ቤት የነበረችው እንደዚያ ነበረች። እናቴ «ተዋውለዋል» ትል ነበር።

ሶኬት ላይ የሚሰካው የድምፅ መሣሪያስ?

ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የማይጠፋ ዕቃ ነው። ገንዘባችሁን አታውጡበት። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2001 እ.ኤ.አ. ከ60 ለሚበልጡ የዚህ መሣሪያ አምራቾችና ሻጮች፣ የሚሉትን በሳይንስ ማረጋገጥ እንዳለባቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኮ ነበር። ድምፁ ግድግዳና ዕቃ አያልፍም፤ አይጦቹም ይለምዱታል። በስጦታ ከመጣላችሁ አመስግናችሁ ተቀበሉ።

ምን በሽታ ያመጣሉ? ከነከሰኝስ?

በሽንታቸው ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ይተላለፋል። ሽንቱ የነካው ውሃ ወይም ጭቃ በቆሰለ ቆዳ ወይም በዓይን ይገባል። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የባት ሕመም፣ የዓይን መቅላት ያመጣል፤ ሲብስ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሲጀምር ወባ ወይም ታይፎይድ ስለሚመስል ቤታችሁ አይጥ መኖሯን ለሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። ምግብ ላይ ኩሳቸውን ሲጥሉ ሳልሞኔላ ይመጣል። ታይፈስ ስንል ብዙዎቻችን የምናውቀው በቅማል የሚተላለፈውን ነው፤ በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፍም አለ።

ከነከሰቻችሁ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡትና ጤና ጣቢያ ሂዱ። የቴታነስ ክትባትና ምናልባትም መድኃኒት ያስፈልጋችኋል። የእብድ ውሻ በሽታን በተመለከተ ግን ተረጋጉ፤ አይጦች በበሽታው እምብዛም አይያዙም፣ ወደ ሰው ሲያስተላልፉም አልታወቀም።

ኩሱን በመጥረጊያ ጠርጌ ልጣለው?

በደረቁ አትጥረጉ። አቧራው ሽቅብ ይነሳና ትተነፍሱታላችሁ። መስኮቱን ግማሽ ሰዓት ያህል ክፈቱ። ጓንት አድርጉ፤ ከሌለ ሁለት ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጡና ኩሱን አርጥቡት። አምስት ደቂቃ ቆይቶ በወረቀት ወይም በአሮጌ ጨርቅ ይነሳ፤ ጨርቁም አብሮ ይጣል። በረኪናውን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር እንዳትቀላቅሉት።

ኮርኒሱ ውስጥ ሞታ ሸተተች። ምን ላድርግ?

ዕጣን ማጨስ ቤቱን ዕጣንና የሞተ አይጥ እንዲሸት ያደርገዋል። ትልልቅ ዝንቦች የሚሰበሰቡበትን የኮርኒስ ቦታ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ናት። በዚያ በኩል ኮርኒሱን ክፈቱት። በረኪናውን ርጩባት፣ በፌስታል ገልብጣችሁ ያዟት፣ ሌላ ፌስታል ደርባችሁ ቋጥሯት። የተኛችበትንም ቦታ ጥረጉ። መድረስ ካልቻላችሁ ትንሿ በሳምንት ገደማ ትደርቃለች። አይጠ መጎጥ ከሆነ ሁለትና ሦስት ሳምንት ታገሡ። ኮርኒሱን ከፍታችሁ ከሆነ ግን መልሳችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ባትሪ ይዛችሁ ወደ ውስጥ አብሩ። ከቆርቆሮው ስር የቀን ብርሃን የሚያስገባ ክፍተት ካያችሁ የገባችው በዚያ ነው።